ዳገት ላይ የሚያቃስት ዲቲ፦ ያገለገለ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል የታች ጉልበቱን እንዲመልስ

በጨረታ የወጣ ያማሃ ዲቲ 125 የገዛ ሰው ውሎ አድሮ የሚያነሳው አቤቱታ የታወቀ ነው። ሜዳውን ይሮጥለታል፤ ዳገት ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ አይሸከምለትም። ቤንዚን ሲሰጠው ያጉረመርማል፣ ይንተፋተፋል፤ ወደ አንደኛ ሲያወርደው ደግሞ ድንገት ዙሩን አግኝቶ ወደፊት ይፈናጠራል። ኮረትና ጭቃ ባለበት መንገድ፣ በተለይ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ተጭኖ፣ ይህ ጠባይ ያደክማል፤ ይጥላልም። ሻጩ ግን "ቱ ስትሮክ ተፈጥሮው ነው፣ ታች ጉልበት የለውም" ብሎ ይገላገላል።

ለውድድር ስለተሠራ ሞተር ቢሆን ንግግሩ ግማሽ እውነት አለው። ለዲቲ አይሠራም። ያማሃ ባለ 250 ሲሲውን የመጀመሪያ ዲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ከአስፋልት ወጥቶ ረጋ ብሎ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ነበር። በ1972 ሪድ ቫልቭን "ቶርክ ኢንዳክሽን" በሚል ስም ያስገባውም ለዚሁ ለታች ጉልበት ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ዲቲ 125 በብዙ የአፍሪካ አገሮች የግብርናና የጤና ሠራተኞች የገጠር መጓጓዣ ለመሆን የበቃው በዝግታ ዳገት መውጣት ስለቻለ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዲቲ ዳገት ካቃተው ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከነፃው ወደ ውዱ የሚሄድ ስለሆነ መሐሉን አይዝለሉ።

ጉልበቱ የሚጠፋበትን ቦታ መለየት

ቱ ስትሮክ ሞተር ኮሎው በዞረ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሄድ አንዱ ዑደት የሚፈጀው የሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። በ2,000 ዙር ሲሄድ ግን ሦስት መቶኛ ይፈጃል። እንግዲህ ሪንጉ ጎን፣ ሪዱ ላይ ወይም ፓራኦሊዮው (ካርተሩን የሚዘጋው ላስቲክ) ላይ ትንሽ ሽንቁር ቢኖር፣ ድብልቁ በዝቅተኛ ዙር ላይ ለማምለጥ ሦስት እጥፍ ጊዜ ያገኛል። ዙሩ ሲጨምር ማፍሰሻ ጊዜ ያጥረዋልና ሞተሩ ደህና ይመስላል። "ላይ ላይ አንደኛ ነው፣ ታች ብቻ ነው ችግሩ" የሚባልለት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስ ሞተር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩን በደንብ ካሞቁ በኋላ ሜዳ መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡና ዙሩ እስኪወርድ ይተዉት፤ ከዚያ ቤንዚኑን እስከ ግማሽ ይክፈቱ። ታች ደክሞ ላይ የሚነቃ ከሆነ ማፍሰስን ይጠርጥሩ። በተቃራኒው ታች ደህና ሆኖ ላይ የሚታፈን ከሆነ ማርሚታው ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል። ከታች እስከ ላይ ድብን ብሎ፣ ጭሱ በዝቶ፣ አንዴ ተኩሶ አንዴ የሚዘል ዓይነት ድምፅ ካለው ቤንዚን በዝቶበታል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሞተሩን አይንኩት።

ገንዘብ የማያስወጡት

ሞተር ሳይክሉን አንሥተው ሁለቱንም ጎማ በእጅ ያሽከርክሩ። የሚይዝ ፍሬን ካለ የጠፋው ጉልበት እዚያ ነው። ካቴናው ደርቆ ከሆነ ይጠቡት፣ ዘይት ይቀቡት። የፍሪሲዮኑ እጀታ ጥቂት ነፃ ጉዞ ይኑረው። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው የካርቡራተሩን አፍ በባትሪ እያዩ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ያዙሩ። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ሽቦው ረዝሞ በሩ የሚከፈተው ሦስት አራተኛ ድረስ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ዓመት በዓመት ካርቡራተር ያስጠርጋል። ስፖንጅ ፊልትሮውን በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ነክረው፣ ጨምቀው ይመልሱ። ያለ ዘይት የተገጠመ ስፖንጅ አቧራውን እንዳለ ያሳልፋል፤ አቧራው ደግሞ ሪንጉን ይበላል።

ማርሚታው ጊዜ ይወስዳል። ጫፉ ላይ ያለውን ቡሎን ፈትተው የውስጡን ቱቦ ይምዘዙና ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ይፋቁ። ማርሚታውን ከሲሊንደሩ ሲያላቅቁ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ይመልከቱ። በጥላሸት ጠቦ ከሆነ ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥተው ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑና በእንጨት ወይም በአልሙኒየም ጫፍ ይፋቁት፤ ካቻቢቴ ፒስተኑን ይቧጥጣል። የማርሚታው ሆድ ከተደፈነ ብረት ስለሆነ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ሞልቶ ማሳደር ይቻላል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ሥራው ደጅ ይሁን፣ ውሃው አልሙኒየም እንዲነካ አይፍቀዱ፤ አልሙኒየም ሲነካ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል።

ማርሚታ መብሳት ወይም መቁረጥ የሚባለውን ምክር ለሰጪው ይመልሱለት። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ሰፍቶ ይጠብባል፤ ቅርጹ የሚመልሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ ያለውን ትኩስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ሲበሱት ሞገዱ ይጠፋል፤ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሟች ደግሞ ሊያሳድጉት የፈለጉት የታች ጉልበት ነው።

ኮምፕረሽን፣ ከነከፍታው

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ካንዴላውን ይፍቱና የኮምፕረሽን መለኪያ ያስገቡ። ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ቀስቱ መጨመር እስኪያቆም ድረስ በእግር ይምቱ። ቤንዚን መስጫው ካልተከፈተ ሞተሩ አየር ስለማያገኝ ቁጥሩ ይዋሻል።

የአምራቹ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚለውን በ0.75 ያባዙት። መመሪያው 150 ፒኤስአይ ካለ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛው ሞተር 112 ግድም ያሳያል። ይህን ስሌት ሳያውቁ ጤነኛ ሲሊንደር የሚያስቦርቁ ብዙ ናቸው። የሻጩንም ዘዴ ይወቁ፤ ከመለካቱ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጠብ ካደረገ ቁጥሩ ይጨምራል።

እርስዎም ያንኑ ዘዴ ለምርመራ ይጠቀሙበት። ቁጥሩ አንሶ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። በደንብ ከጨመረ ሪንጉ ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ካልጨመረ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን በሳሙና ውሃ ይፈትሹ።

ቴስታታውና ሲሊንደሩ ሲወጡ ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይግፉት፤ የሁለቱን ጫፎች ክፍተት ይለኩ። እንደ ዲቲ ላለ 56 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሊንደር አዲስ ሪንግ 0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይኖረዋል፤ 0.7 ካለፈ ይቀየር። ሲሊንደሩ ላይ በጣት የሚታወቅ ጠርዝ ወይም ቁመታዊ ጭረት ካለ ሪንግ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ሬክቲፋይ ያስፈልገዋል። በአየር የሚቀዘቅዘው ዲቲ ሲሊንደር ውስጡ የብረት እጅጌ ስላለው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ለሚበልጥ ፒስተን ይቦረቃል። ፒስተኑን ቀድመው ይግዙና ለቶርኖ ቤቱ ይስጡት፤ ሲሊንደሩ የሚቦረቀው በፒስተኑ ልክ ነው።

እዚህ ላይ የባለሙያውን እጅ ቆመው ይዩ። የአራት ምት መኪና ብሎክ ለምዶ የሚቦርቅ ሰው የቱ ስትሮክ ሲሊንደር ግድግዳው ላይ መስኮቶች እንዳሉት ይረሳል። ቦረቃው የመስኮቶቹን ጠርዝ እንደ ምላጭ ያደርገዋል፤ ሪንጉ በየዙሩ መስኮቱ ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ሲመለስ ጠርዙ ይነክሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ጠርዝ፣ በተለይ የጭስ መውጫው የላይኛውና የታችኛው፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ መከርከም አለበት። ይህ ሳይደረግ የተመለሰ ሲሊንደር ካገኙ አይግጠሙት።

በዚያው ላይ ቢየላውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይሳቡት። ወደ ጎን መንሸራተቱ የተለመደ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንኳኳ ከሆነ ግን ካርተሩ ተከፍቶ ኮሎው መሠራት አለበት፤ አዲስ ፒስተን በዚያ ላይ መጫን ትርጉም የለውም።

የደም ግፊት መለኪያው

የቱ ስትሮክ ካርተር እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ቆዳው ከተቀደደ እሳቱ አይነድም። ፒስተኑ ሲወጣ ካርተሩ ድብልቁን ይስባል፣ ሲወርድ ጨምቆ ወደ ላይ ይልካል። ይህን ቤት በኮሎው ግራና ቀኝ የሚዘጉት ሁለት የላስቲክ ፓራኦሊዮዎች ናቸው። ለዓመታት ቆሞ ለጨረታ የወጣ ሞተር ላይ እነዚህ ደርቀው ማግኘት የተለመደ ነው። የቮላኖው ወገን ካፈሰሰ ሞተሩ ያልተፈቀደ አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ቤንዚን ሲለቁለት ዙሩ ቶሎ አይወርድም። የፍሪሲዮኑ ወገን ካፈሰሰ የካምቢዮ ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ነጭ ሰማያዊ ይሆናል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የካምቢዮው ዘይት መሬት ሳይንጠባጠብ ይጎድላል።

ጋራዥ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እምብዛም ስለማይገኝ የእጅ ፓምፕ ያለውን የደም ግፊት መለኪያ ይጠቀሙ። ሰዓቱ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ ያም ወደ ስድስት ፒኤስአይ የሚጠጋ ሲሆን ለዚህ ምርመራ ልክ ነው። ካርቡራተሩንና ማርሚታውን ያውጡ። የጭስ መውጫውን በከመነዳሪ ቁራጭና በጠንካራ ሳህን ብረት በራሱ ቡሎን አጥብቀው ይድፈኑ። የመግቢያውን ላስቲክ መሐሉ ቱቦ ባለበት ውታፍ ይድፈኑና የመለኪያውን ቱቦ እዚያ ያያይዙ። የዘይት ፓምፑ ቀጭን ቱቦ የሚገባበትንም ቀዳዳ አይርሱ። ካንዴላው ይታሰር፣ ፒስተኑ ታች ይሁን።

250 እስኪደርስ ይንፉና ይጠብቁ። ጤነኛ ሞተር ለደቂቃዎች ብዙም አይንቀሳቀስም። በደቂቃ ከ50 በላይ ከወረደ ማፍሰሻውን በሳሙና ውሃ ይፈልጉ፤ የሲሊንደሩ ሥር፣ ቴስታታው፣ የመግቢያው ላስቲክ፣ ቮላኖው ከወጣ በኋላ የግራው ፓራኦሊዮ። የቀኙ ካፈሰሰ አየሩ በካምቢዮው የዘይት መሙያ በኩል ሲወጣ ይሰማል። ከ300 በላይ አይንፉ፤ ደህናውን ፓራኦሊዮ ከቦታው ሊያስወጡት ይችላሉ። ቮላኖውንም በመዶሻ አያውጡ፤ የራሱ ማውጫ አለው።

የግራው ፓራኦሊዮ ብዙ ጊዜ ካርተሩ ሳይከፈት ይቀየራል፤ ዋጋውም ከማንኛውም የጉልበት መጨመሪያ ዕቃ ያነሰ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ምርመራ ብቻ መሥራት የሚችሉ ከሆነ ይህን ይሥሩ።

ሪዱ

ሪዱ በካርቡራተሩና በሞተሩ መሐል ያለች ባለ ምላስ በር ናት፤ ድብልቁን አስገብታ መመለሻ ትከለክለዋለች። ምርመራው ቀላል ነው። አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሷት፤ በምላሶቹ ሥር ክር የመሰለ ብርሃን በሰፊው የሚታይ ከሆነ፣ ጫፋቸው የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየሩ። ሳይፈቱ ለመገመት ደግሞ ፊልትሮውን አውጥተው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እጅዎን ካርቡራተሩ አፍ ፊት ያድርጉ፤ ቤንዚን የሚረጭብዎ ከሆነ ሪዱ እያፈሰሰ ነው።

የብረት ምላስ ሲሰበር ቁራጩ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ጉዳት ያደርሳል። የፋይበር ምላስ ቢሰበር ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ በዝቅተኛ ዙርም ቀለል ብሎ ይከፈታል። ቦይሰን የሚሠራቸው ባለ ሁለት ድርብ ምላሶች በዚህ ይታወቃሉ። ከገበያ አንድ የጉልበት ዕቃ ይግዙ ብል የምጠቁመው ይህን ነው።

ካርቡራተሩ የተስተካከለው ለየትኛው አገር ነው?

በ2,400 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ግድም ብቻ ክብደት አለው። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ይለቃል። ውጤቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። ደጋ ላይ የሚንተፋተፈው ዲቲ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሠራውን ጄት እንደያዘ ነው፤ ወይም ደግሞ ሦስት ባለቤት እየተቀባበለ የነካካው ስለሆነ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ፈትተው በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ጄቶቹን በሽቦ አይውጉ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በመሟሟያ ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል።

የታች ጉልበት የሚወሰነው በትንሹ ጄት፣ በአየር ቪቲውና በመርፌው ነው። እስከ ሩብ ድረስ ባለው የቤንዚን አከፋፈት ሥልጣኑ የትንሹ ጄትና የቪቲው ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የመርፌው፤ ከዚያ በላይ የትልቁ ጄት። ቤንዚን መስጫው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ሩብና ግማሹን ምልክት ያድርጉ፤ "ሞተሩ ይንተፋተፋል" ከማለት "ሩብ ላይ ይንተፋተፋል" ማለት ይሻላል።

የአየር ቪቲዋን እስከ መጨረሻ በቀስታ ያጥብቁና አንድ ተኩል ዙር ይፍቱ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያላሉና እያጠበቁ ዙሩ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ይፈልጉ። ማላላት አየር ይጨምራል፤ ማጥበቅ ቤንዚኑን ያበዛል። ጥሩው ቦታ ከሁለት ተኩል ዙር በላይ ካላሉ በኋላ የሚገኝ ከሆነ ትንሹ ጄት በዝቷል፣ በአንድ ደረጃ ይቀንሱ። ከአንድ ዙር በታች ከሆነ ደግሞ አንሷል። ቀጥሎ መርፌውን፤ ግማሽ አከፋፈት ላይ የሚያጉረመርም ከሆነ የመርፌውን ክሊፕ አንድ ጎድጓዳ ወደ ላይ ያንሡ፤ መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል።

ትልቁ ጄት ለታች ጉልበት ብዙም አይደለም፤ ግን ሞተሩን የሚያቃጥልም የሚያድንም እሱ ነው። መመሪያው 150 ካለ ደጋ ላይ 140 ይሞክሩ። አዲስ ካንዴላ አስገብተው ዳገት ላይ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ከፍተው ጥቂት ይሂዱ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይያዙ። ካንዴላውን ሲፈቱት የቡና ዓይነት ቀለም ካለው ጥሩ ነው። ጥቁርና ዘይታም ከሆነ ቤንዚን አሁንም ይበዛል። ነጭ ከሆነ ያቁሙ፤ ትልቅ ጄት ሳይመልሱ አይንዱ፣ ፒስተኑ ይነክሳል። የካንዴላው ሙቀት ደረጃም ይታይ፤ በኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በዝግታ ለሚሠራ ሞተር ያለ ምክንያት የቀዘቀዘ ካንዴላ ጥላሸት ይሰበስባል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ የዘይት ፓምፑ በሥራ ላይ ካለ ሽቦው ከቤንዚን መስጫው ጋር እኩል መክፈቱን በፓምፑ ላይ ባለው ምልክት ያረጋግጡ። ተነቅሎ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ግድም የቱ ስትሮክ ዘይት ይቀላቅሉ። "ለጥንቃቄ" ብሎ እጥፍ ዘይት የሚጨምር ሰው ማርሚታውን ይደፍናል፤ በዚያ ላይ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ሞተሩ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል።

ጥርስ መቀየር

ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ደህና ከሆነና አሁንም ዳገቱ ከከበደዎ የፊቱን ጥርስ በአንድ ይቀንሱ። ለምሳሌ ከፊት 15፣ ከኋላ 49 ያለው ወደ 14 ቢወርድ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል በ7 በመቶ ይጨምራል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከኋላ ከሦስት እስከ አራት ጥርስ መጨመር ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ከፊት ከሁለት በላይ አይቀንሱ፤ ካቴናው በጣም ታጥፎ ቶሎ ያልቃል፣ የኋላውን ክንድም ይፋቃል። ሥራቸው ገጠር ለሆነ ሰዎች ይህ ጥሩ ወጪ ነው። በየቀኑ አስፋልት ለሚሄድ ሰው ግን ይተውት።

ለሚደፍሩ ብቻ

ቴስታታው ተፈትቶ ሳለ ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይለኩ። በፒስተኑ ራስ ላይ ከቢየላው ፒን ጋር በአንድ መስመር፣ ግራና ቀኝ ጠርዝ ድረስ ሁለት ቁራጭ የስታኞ ሽቦ በግሪስ ያጣብቁ፤ ቴስታታውን አስረው ኮሎውን በእጅ አንድ ዙር ያዙሩና የተጨፈለቀውን ይለኩ። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ከአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቀጭን የሥር ጓርኒሲዮን በመጠቀም ወደ 1.1 ቢያወርዱት ኮምፕረሽኑ ይጨምራል፤ የጭስ መውጫውም መስኮት ጥቂት ስለሚወርድ ግፊቱ ሥራ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ሁለቱም ለታች ጉልበት ናቸው። ከ0.9 በታች አይሂዱ። ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ሞተሩ ለማንኳኳት የሚደርስበት ገደብ ይርቃል፤ በዚህ በኩል ከፍታው ይረዳል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆነው እንደ ዋይዜድ፣ ኬኤክስ፣ ሲአር ወይም ኬቲኤም ያለ ያገለገለ የውድድር ቱ ስትሮክ የገዙ አንባቢዎች ዲቲው ላይ የሌለ አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ አለባቸው፤ እሱም የጭስ መውጫው ላይ ያለው ፓወር ቫልቭ ነው። በዝቅተኛ ዙር የመስኮቱን የላይኛ ክፍል ይሸፍናል፤ ዙሩ ሲጨምር ይከፍታል። በጥላሸት ተጣብቆ ክፍት ከቀረ ታች ምንም አይኖርም። የጎኑን ክዳን ከፍተው ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን ሲሰጡት ማያያዣው መንቀሳቀሱን ይዩ፤ ካልተንቀሳቀሰ ፈትተው በመሟሟያ ይጠቡት፣ በሻካራ ወረቀት አይፈግፍጉት። እነዚህ ሞተሮች ሲሊንደራቸው በኒኬል የተለበጠ ስለሆነ እንደ ዲቲው ቶርኖ ቤት ወስዶ መቦረቅ አይቻልም። ጫካ ውስጥ በዝግታ ለሚነዳቸው ሰው ቮላኖ ላይ የሚታሰር ተጨማሪ ክብደትም ይጠቅማል፤ ጉልበት ባይጨምርም ሞተሩ በቀላሉ እንዳይጠፋ ያደርጋል።

ዲቲዎን ለደጋ ካስተካከሉት በኋላ የነበሩትን ጄቶች አይጣሉ። ቁጥራቸውን ጽፈው በፕላስቲክ ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ያስቀምጡ። ለአዲስ አበባ ወይም ለደብረ ብርሃን ልክ የሆነ ጄት ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይሆናል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ፒስተኑ ለመንከስ ብዙ አይፈጅበትም። ቆላ ለሥራ ሲታዘዙ ከመነሣትዎ በፊት ትልቁን ጄት ይመልሱ፣ የመርፌውንም ክሊፕ ወደ ቀድሞ ቦታው ያውርዱ።